ከአንድ ማድጋ

ለሰባት ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። እሑድ እሑድ ሰው ተሰነባብቶ ሲበተን፣ እኔና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ገብተን በር እንዘጋና የመባውን ሣጥን እንገለብጣለን። ድፍኑን ከዝርዝሩ እንለያለን፣ የተጨማደደውን እናቃናለን፣ ፖስታ ላይ ስም ካለ መዝገብ ላይ እናሰፍራለን። ይህን ሥራ የሠራ ሰው መጋቢው ራሱ የማያውቀውን ብዙ ነገር ያውቃል። ማን ከሥራ እንደወጣ፣ የማን ቤት እንደታመሰ ከፖስታው ውፍረት ይነበባል።

ስለዚህ «አገልጋይ በቅንጦት መኖር አለበት ወይ?» የሚለው ክርክር ሲነሳ እኔ ነገሩን የማየው ከዚያች ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ይህንንም የምጽፈው በተለይ የአገልጋይ ደመወዝ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች፣ ደግሞም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ እየተሰማቸው «እኔ ማን ነኝና» ብለው ዝም ላሉ ነው። ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

ታሪኬ የሚጀምረው ግን ከሀብት ሳይሆን ከችጋር ነው።

ጉባኤያችንን ለረጅም ዘመን ያገለገሉት የመጀመሪያው መጋቢ ክርኑ ያለቀ አንድ ኮት ነበራቸው። ክረምት ከበጋ እሱን ለብሰው ይሰብካሉ። እኛም «እንዴት ያለ ትሑት ሰው!» እያልን እናደንቃቸዋለን። ገንዘብ ያዥ ስሆን የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን አገላብጬ አነበብኩ። «የመጋቢው የደመወዝ ጭማሪ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታይ» የሚል ውሳኔ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። አሥራ አንድ! በእነዚያው ዓመታት ውሳኔውን የፈረምነው ሰዎች በየመሥሪያ ቤታችን ስንት ጊዜ እድገት እንዳገኘን ልቁጠረው ብዬ ተውኩት። ባለቤታቸው ማታ ማታ የሰው ልብስ እየሰፉ ቤቱን እንደሚደጉሙ የሰማነው በኋላ ነው። ጡረታ የሚባል ነገር አላዘጋጀንላቸውም። ሲታመሙ መዋጮ ሰበሰብን፤ ሲያርፉ ደግሞ በጣም ጥሩ ቀብር አደረግንላቸው።

በቀብሩ ማግስት ልጃቸው አንዲት ነገር ተናገረችኝ። «አባቴ ቅዱስ ነበር ትላላችሁ። እሱስ ይሁን። እናንተ ግን ቆጣቢዎች ነበራችሁ።» ከዚያ ወዲህ እሷም ወንድሞቿም የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው አያውቁም። ይህን ያስቀደምኩት ስለ ባለጸጋ አገልጋዮች የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህችን ልጅ ስለሚዘላት ነው። የእኛ ጥፋት ከዚህ ነው የጀመረው።

የበደልነውን ሰው መካስ ስላልቻልን ካሣውን ለሚቀጥለው ሰው ከፈልነው። አዲሱ መጋቢ ወጣት ነው፤ አንደበቱ የተባ፣ ሲጸልይ ሰውን የሚያስነሳ። ልዋሽ አልችልም፦ ታናሽ ወንድሜ ከመጠጥ የተላቀቀው በእሱ ስብከት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አዳራሹ ሞልቶ ደጅ ወንበር ዘረጋን። መጀመሪያ ጥሩ ቤት ተከራየንለት፤ ይገባዋል። ደመወዙን አሳደግን፤ ይህም ይገባዋል። ቀጥሎ የልደት ስጦታ መጣ፣ የጋብቻ በዓል ስጦታ፣ የአገልግሎት ዓመት መታሰቢያ። ቀጥሎ «ለእግዚአብሔር ሰው በባዶ እጅ አይቀረብም» የሚል ትምህርት መጣና ሰው ለጸሎት ሲገባ ፖስታ ይዞ መግባት ጀመረ። ያ ፖስታ ወደ ቆጠራ ክፍላችን አይመጣም። በመጨረሻም የግል ሂሳብ ቁጥሩ «ዘር መዝራት ለምትፈልጉ» ተብሎ ከመድረክ ተነበበ።

ልብ በሉ፤ ማንም አልሰረቀም። በአንድ ቀን የሆነ ነገርም አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ ከበፊቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ስለነበር «እዚህ ጋ ይቁም» የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም በየተራ ቤቱ ተጋብዘዋል፣ ለልጆቻቸው ሠርግ ስጦታ ተቀብለዋል። አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል። የእኔም ዓይን አፍሯል።

ከዚያ መኪናው መጣ። ሐሳቡ ከመጋቢው አልመጣም፤ ከእኛ ነው የመጣው፣ ይህን አድበስብሼ ማለፍ አልፈልግም። የሌላ ጉባኤ መጋቢ የያዘውን መኪና አይተን «የእኛስ ከማን ያንሳል?» ያልነው እኛ ነን። ከፊታችን የሚታይ ሀብታም አገልጋይ መኖሩ እኛንም ትልቅ ያደረገን መስሎን ነበር። ቃል የማስገቢያ ቀን ተዘጋጀ፣ ካርድ ታደለ፣ ሰው ስሙንና የሚሰጠውን እየጻፈ አስገባ። የመኪናው ዋጋ የቤተ ክርስቲያናችን የጥበቃ ሠራተኛ በሃያ ሦስት ዓመት የሚያገኘውን ደመወዝ ያህል ነበር። ይህን ስሌት የሠራሁት ከርክክቡ በኋላ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነው። በዕለቱማ ቁልፉን በሰው ሁሉ ፊት ያስረከብኩት እኔ ነኝ፤ ከደስታም ብዛት አልቅሻለሁ።

ቃል ገብተው ያልከፈሉትን ስልክ እየደወሉ ማስታወስም የገንዘብ ያዡ ሥራ ነበር። ከእነዚያ መካከል አንዲት ብቸኛ እናት አሉ። በሰው ቤት ልብስ በማጠብ ነው የሚተዳደሩት። ሦስት ጊዜ ደወልኩላቸው። በሦስተኛው «እሺ ልጄ፣ አትቸገር፣ በዚህ ሳምንት አመጣለሁ» አሉኝ፤ አመጡም። እሑድ ጠረጴዛው ላይ ፖስታቸውን ስከፍት ከገንዘቡ ጋር የተጣጠፈች ወረቀት ወጣች። በሰው እጅ ያስጻፏት ትመስላለች። «ስለዘገየሁ ይቅርታ። የሚያበድረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።»

ገንዘቡን ቆጠርኩ፣ ደረሰኝ ጻፍኩ፣ ላክሁላቸው። እጄ የለመደውን ነው የሠራው።

በቀጣዩ ሳምንት ተራዬ ደርሶ ከመባ በፊት አጭር ቃል ላካፍል ነበር። የመረጥኩት ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ነው፤ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12። ስዘጋጅ ዓይኔ ከታሪኩ በላይ ባለው ቁጥር ላይ አረፈ። ኢየሱስ ረጅም ልብስ ለብሰው መዞር፣ በገበያ ሰላምታ፣ በግብዣም የከበሬታ ስፍራ የሚወዱትን ጻፎች ተጠንቀቁ ይልና ቁጥር 40 ላይ የመበለቶችን ቤት እንደሚበሉ ይናገራል። ከቁጥር 41 ጀምሮ በመባው ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያይ መበለቲቱ የቀራትን ሁሉ ትጥላለች። ምዕራፍ 13 ሲጀምር ደግሞ ያ ገንዘብ የገባበት መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ይናገራል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ለማሰባሰቢያ ተጠቅሜበታለሁ! ስጦታዋን እያመሰገንኩ፣ ቤቷ ስለተበላው ሴት ማንም እንዲጠይቅ ሳልፈልግ። ያን እሑድ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ለወራት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ማንበብ ነው። ከመድረክ የምንሰማቸውን ጥቅሶች አንድ በአንድ ከነቦታቸው አየኋቸው። «ነፍስህ እንደሚከናወን በነገር ሁሉ ይከናወንልህ» የሚለው የሦስተኛ ዮሐንስ ቃል ለጋይዮስ የተጻፈ የደብዳቤ ሰላምታ ነው፤ አምስት ቁጥር ዝቅ ሲባል ደግሞ ስለ ስሙ ወጥተው ከአሕዛብ ምንም ስላልተቀበሉ አገልጋዮች ይናገራል። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው መዝሙር ስለ ማን ነው? በቁጥር ጥቂት ሆነው ከአገር አገር ሲንከራተቱ ስለነበሩት አባቶች፣ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው። ሒሳብ ይታይ ላለ ሰው አፍ መዝጊያ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ነው። «አስቀድመሽ ለነቢዩ ስጪ» የሚለው ስብከት በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። አንደኛ ነገሥት 17ን ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ኤልያስ ወደዚያች ከተማ የመጣው ይጠጣበት የነበረው ወንዝ ስለደረቀበት ነው። እንደ እሷ የተራበ ሰው ነው። በማድጋዋ የነበረው ጥቂት ዱቄት አላልቅ ብሎ ተአምሩ ከሆነ በኋላም የሚለው እርስዋና እርሱ ቤትዋም ብዙ ቀን በሉ ነው። ከአንድ ማድጋ። የእሷ ማድጋ ሲሟጠጥ የእሱ ጎተራ የሚሞላበት ታሪክ አይደለም። ዘዳግም 14 መጨረሻ ላይም ይኸው ነገር አለ፦ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉት ነው። አገልጋዩና ችግረኛው የሚጠሩት ወደ አንድ ጎተራ ነው።

ይህ ማለት ግን አገልጋይ ይራብ ማለት አይደለም። እኛ የመጀመሪያውን መጋቢ ያስራብንበት መንገድ ከዚህ ጋር እኩል ይጋጫል። ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጓል ይላል፤ ለጢሞቴዎስም የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር፣ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ብሎ ይጽፋል። የሚገርመው ይህን መብት ለሌሎች አጥብቆ ከተከራከረ በኋላ ራሱ በቆሮንቶስ አለመቀበሉ ነው። ድንኳን እየሰፋ ያገለግላል። ከፊልጵስዩስ ሰዎች ግን ይቀበላል፣ ያመሰግናቸዋልም። መቀበሉ ወንጌሉን በሚያደናቅፍበት ቦታ ይተዋል፤ በፍቅር ሲመጣ ይቀበላል። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያደርስም ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል። ጳውሎስን ማን ይጠረጥረው ነበር? ቢሆንም ምስክር ፈለገ።

ጥንታውያኑም ይህንኑ ሲታገሉ ኖረዋል። ዲዳኬ የሚባለው በመጀመሪያው መቶ ዓመት ማብቂያ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ገደማ የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን መመሪያ፣ ተጓዥ ሐዋርያን በክብር ተቀበሉ ካለ በኋላ ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነው ይላል። በመንፈስ ሆኖ «ገንዘብ ስጡኝ» የሚለውንም አትስሙት፤ ለሌሎች ችግረኞች ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት። አብሯችሁ ሊኖር የሚወድ እውነተኛ ነቢይ ደግሞ ቀለቡ ይገባዋል ይላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ችግሩ ግን የእኛው።

ዮሐንስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን የመንበሩን ወጪ ቀንሶ ትርፉን ለድኩማን ማረፊያ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ403 ከሥልጣን ያወረደው ጉባኤ ካቀረበበት ክስ አንዱ ብቻውን ይበላል፣ እንግዳ አያስተናግድም የሚል ነው። ይህን የማነሳው ቀለል ብሎ የሚኖር አገልጋይ ሁሉ የሚወደድ እንዳይመስላችሁ ነው። ድግስ የለመደ ሰው ድግስ የሚያስቀርበትን አይወድም፤ እኛም አንወድም ነበር።

ቀረብ ካለው ዘመን እኔን የጠቀመኝ የአሜሪካዊው ወንጌላዊ የቢሊ ግራሃም ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ ሞዴስቶ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጠው ወንጌላውያን የሚወድቁባቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ ገንዘብን አንዱ አደረጉት። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1950 በአትላንታ ከተደረገው ስብሰባ በኋላ አንድ ጋዜጣ የእሱን ፈገግታና የገንዘብ ከረጢት የተሸከሙ አስተናጋጆችን ፎቶ አብሮ አወጣ። የወሰደው ነገር በዘመኑ የተለመደው፣ ለሰባኪው ከሕዝቡ የሚሰበሰበው «የፍቅር ስጦታ» ነበር፤ ወንጀል አልነበረም። ግራሃም ግን ስድብ ነው ብሎ አልተከራከረም፤ የፍቅር ስጦታውን ትቶ በቦርድ የሚወሰን ቋሚ ደመወዝ ተቀባይ ሆነ። በሌላ በኩል ጂም ቤከር የተባለው የቴሌቪዥን ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1989 ከደጋፊዎቹ በተሰበሰበ ገንዘብ በማጭበርበር ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። የሁለቱ ልዩነት በስብከት ችሎታ አይመስለኝም። አንዱ «በቂ ነው» የሚለውን ውሳኔ ለራሱ አላስቀረም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሀብት ኃጢአት ነው ወይ?» ይለኛል። አይደለም። በንግድ ወይም በውርስ ያገኘው ሀብት ያለው፣ ከጉባኤው ምንም የማይቀበል አገልጋይ አውቃለሁ። ስለ እሱ ገንዘብ ምንም የምለው የለኝም፤ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ባለጠጎችን እዘዛቸው አለ እንጂ አባርራቸው አላለም። ቢሆንም እሱ ራሱ አንድ ቀን የነገረኝን አልረሳውም፦ የሚያማክራቸው ድሆች ችግራቸውን አሳጥረው እንደሚነግሩት አስተውሏል። ቤቱን አይተው ያፍራሉ። ስለዚህ ሰዎችን ቤታቸው ሄዶ ማነጋገር ጀመረ።

መጋቢያችን ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። የልብስ አጣቢዋን ወረቀት ይዤ ነበር፣ ስማቸውን ሸፍኜ። እንዳሳየሁት ፊቱ ተለወጠ፤ ልቡ የተነካ መስሎኝ ነበር፣ ዛሬም ተነክቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ወዲያው «እኔ ተበደሩ አላልኩም» አለ። እውነቱን ነው። «የንጉሥ መልእክተኛ እኮ ንጉሡን የሚመጥን ክብር ይዞ ነው የሚሄደው፣ ወንድሜ» ብሎም ጨመረ። መልስ አልነበረኝም። ንጉሡ ራሱ ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በተዋሰው አህያ እንደነበር ትዝ ያለኝ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ጥሩ መልስ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ጫማ ሳወልቅ ነው።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አለኝ፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። «ከእኔ በፊት የነበሩትን አባት እንዴት እንደያዛችኋቸው ሰምቻለሁ። እናንተ እጅ ላይ ወድቄ ሚስቴ የሰው ልብስ እንድትሰፋ አልፈልግም።» በዚያ ቅንጦት ሥር ፍርሃት ነበር። ፍርሃቱን ያወረስነው እኛ ነን።

ጉዳዩን ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ በግል የሚገባው ስጦታ ይታወቅ፣ ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ይታይ፣ ቃል የገባ ሰው ስልክ አይደወልበት። በወሩ የአገልግሎት ምድቤ ወደ እንግዳ ተቀባይነት ተዛወረ። ማንም አልሰደበኝም። ሰላምታ ብቻ አጠረ። ከስድስት ወር በኋላ ለቅቄ ወጣሁ። መጋቢው ዛሬም ያገለግላል፤ በቅሌት አልወደቀም፣ አዳራሹም አልተዘጋም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሁልጊዜ በውድቀት የሚያልቅ የሚመስለው ካለ የእኔ እንዲያ አላለቀም።

ያን ጊዜ ብደግመው የማላደርገው አንድ ነገር ለአንድ ዓመት ያህል መጋቢውን ለጓደኞቼ ማማቴን ነው። ለመጋቢው ሳልነግረው ለስምንት ሰው ነግሬ ነበር። አንደኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ይሁን ይላል፤ ይህ አገልጋዩን ብቻ ሳይሆን ከሳሹንም ይጠብቃል። ብቻዬን ባልሄድና ከቆጠራ ባልደረቦቼ አንዱ አብሮኝ ቢገባ ኖሮ ነገሩ «የእሱ ቅሬታ» ተብሎ ባልታለፈ ነበር። ሌላው ደግሞ፣ የተቆጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መስጠት ማቆም ነው። እኔም አቁሜ ነበር። የጎደለው ግን ከመጋቢው አልነበረም፤ መጀመሪያ የተቀነሰው የችግረኞች ድጋፍ ነው። ይህን ከቆጠራ ክፍል ሆኜ ማወቅ ነበረብኝ።

አሁን ያለሁበት ጉባኤ ትንሽ ነው፤ እዚያም ከብዙ ማንገራገር በኋላ ደመወዝ በሚወስነው ኮሚቴ ገባሁ። መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የአገልጋይ ልክ ምንድን ነው የሚል ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። ከጉባኤያችን ውስጥ አሥር ደመወዝተኛ አባወራዎችና እማወራዎች ገቢያቸውን ስም ሳይጽፉ በወረቀት እንዲሰጡን ለመንን። ከላይም ከታችም ያለውን ትተን መሃል ላይ ያለውን ወሰድን። መጋቢው እንደ ጉባኤው መካከለኛ ሰው ይኑር። ሰው ሲቸግረው እሱም ትንሽ ይሰማዋል፤ ሰው ሲሻለው እሱም ይሻለዋል። ከአንድ ማድጋ ማለት ለእኛ ይህ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓመት ተሳስተን ነበር። የቤት ኪራዩን ረስተን መካከለኛውን ሰው የራሱ ቤት እንዳለው አድርገን አሰብነው። መጋቢው ለአራት ወር ዝም አሉ፤ በአምስተኛው ባለቤታቸው ለአንዲት የኮሚቴ አባል ነገረች። ዳግመኛ ያንኑ ኮት ልናለብሳቸው ነበር! ከዚያ ወዲህ ኪራይ፣ ሕክምናና የጡረታ መዋጮ ለየብቻ ይያዛሉ፤ በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ወር ላይ ደመወዙ ይከለሳል፤ «ለሚቀጥለው ስብሰባ» ማለት ክልክል ነው። መጋቢውም ዘመዶቻቸውም በዚያ ስብሰባ አይቀመጡም። ይህን ሕግ ስናወጣ በጣም የተደሰቱት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ራስ ደመወዝ መናገር ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ የሚያውቀው የተናገረ ነው።

ስጦታን አልከለከልንም። ሰው መጋቢውን ሲወድ ልብስ ሊገዛለት ይፈልጋል፤ ይህን መከልከል ልብን ማድረቅ ነው። ነገር ግን ከአንድ የወር ደመወዝ እኩሌታ የሚበልጥ ማንኛውም ስጦታ ለኮሚቴው ይነገራል፤ የሰጪው ስም ሳይሆን መጠኑ። ይህን ሐሳብ ሳቀርብ ማንም አይታዘዘውም ብዬ ፈርቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ነጋዴ ትልቅ ነገር ሊሰጣቸው ሲመጣ መጋቢው «ኮሚቴዬ አይፈቅድልኝም» ብለው ሳቁ። ሕጉ እምቢ ማለት ለማይችል ሰው መሸሸጊያ ሊሆንለት እንደሚችል ያን ቀን ነው የገባኝ። ቆጠራውን ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሰዎች ይሠሩታል፤ የደመወዙ መጠን ሳይቀር ለአባላት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይነበባል። ከሚገባው ገንዘብ መጀመሪያ የሚነሳው የችግረኞች ድርሻ ነው፤ በመጨረሻ ከተረፈ የሚባል ከሆነ አይተርፍም።

አዲስ ወደ አንድ ጉባኤ የሚገባ ሰው ምን ይጠይቅ ስባል መጋቢው ስለሚነዳው መኪና አልጠይቅም። የሱን ደመወዝ ማን ነው የሚወስነው እላለሁ። የዓመቱ ሒሳብ ይነበባል ወይ? ባለፈው ዓመት ለችግረኛ የተሰጠው ስንት ነው? እነዚህን ስትጠይቅ ቁጥር ይዞ የሚመልስልህ ካገኘህ ደህና ነህ። «ወንድሜ፣ መንፈስህን ጠብቅ» የሚል መልስ ካገኘህ ግን መልሱን አግኝተሃል።

የልብስ አጣቢዋን ገንዘብ ከራሴ ኪስ አወጣሁና ወደ ቤታቸው ሄድኩ፤ እንደለቀቅኩ ወዲያው ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ድረስ ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ ነበር። ብድሩን በስንት ወር እንደከፈሉት ጠየቅኋቸው። «ምን ያደርግልሃል» አሉኝ። ፖስታውን ሰጠኋቸው። አይ ይላሉ፣ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም ይላሉ ብዬ የምለምንበትን ቃል እስከ ደጃቸው ስለማመድ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ተቀበሉኝ፤ ከፍተው ፊቴ ቆጠሩት፣ ደገሙት። ከዚያ ተነስተው ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አንዲት የደበዘዘች ወረቀት አወጡ። በእጄ የጻፍኩት ደረሰኝ ነው።

«እንግዲህ ይቺን መልሼልሃለሁ» አሉኝ።